ጥዱ ከአናቱ ሲደርቅ፦ መጥረቢያ ከማንሳታችሁ በፊት

ጥያቄው ሁሌም አንድ ነው። «ጥዱ ከአናቱ እየደረቀ ነው፤ ምን ይረጭበት?» አንዳንዴ የሚጠይቁኝ ቄሰ ገበዝ ናቸው። አንዳንዴ የቀበሌ ደን ጠባቂ፣ አንዳንዴ ደግሞ አያቱ ግቢ ውስጥ አሮጌ ጥድ ያለው የከተማ ልጅ ነው። ሁለተኛው ጥያቄ ብዙም ሳይቆይ ይከተላል፦ «ወይስ እንጨቱ ሳይበላሽ እንቁረጠው?»

ለሁለቱም መልሴ «ትንሽ ቆዩ» ነው። ዛፍ ሲታመም እንደ በግ ወዲያው አይተኛም። ዛሬ የደረቀው አናት ከሦስት ወይም ከአምስት ዓመት በፊት ዝናብ ሲያጥር፣ ሥር ሲቆረጥ ወይም እሳት ሲነካው የተጀመረ ሊሆን ይችላል። ደረቁ ቅርንጫፍ መጠየቂያ ነው እንጂ መልስ አይደለም። መልሱ ብዙውን ጊዜ የሚገኘው ታች ነው። ከግንዱ ሥር፣ አፈሩ ላይ፣ በተለይ ደግሞ መብቀል ሲገባው ባልበቀለው ችግኝ ላይ።

ይህ መመሪያ የሚያገለግለው ጥድና ወይራ ለሚበዛባቸው ደረቅ የደጋና የወይና ደጋ ደኖች ነው፤ በግምት ከ1500 እስከ 3000 ሜትር ከፍታ ላይ ላሉት። በትግራይና በአፋር አዋሳኝ ገደል አፋፍ ላይ ያለው ደስአ፣ ሰሜን ሸዋ ያለው ወፍ ዋሻ፣ አዲስ ዘመን አጠገብ ያለው ጣራ ገዳም፣ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ ያለው መናገሻ ሱባ ሁሉም የዚህ ቤተሰብ ናቸው። ለዚህ ጉዳይ ዋናው ትምህርት ቤት ደስአ ነው። እዚያ ጥዱም ወይራውም በቁሙ ደርቆ የቀረባቸው ሰፋፊ ቦታዎች አሉ። ጉዳቱ የከፋው ደግሞ በደኑ የታችኛው ጠርዝ፣ ወደ ቆላው በሚጠጋው በኩል ነው። ይህን ልብ በሉ፤ በኋላ እንመለስበታለን።

የምትይዙት ዕቃ

ብዙ አይደለም። ስለታም ቢላዋ፣ ትንሽ ዶማ፣ ሜትር፣ 11 ሜትር ከ30 ሳንቲም የሆነ ገመድ፣ ሌላ 1 ሜትር ከ80 ሳንቲም የሆነ ገመድ፣ ደብተርና እርሳስ (እስክሪብቶ ዝናብ ላይ ያሳፍራል)፣ ነጭ ቀለም፣ የወረቀት ከረጢት፣ ቢላዋ መጥረጊያ አልኮል። ከፍታና ቦታ የሚያሳይ ስልክ ካላችሁ በቂ ነው። አጉሊ መነጽር ከተገኘ ጥሩ፤ ካልተገኘ የስልኩ ካሜራ አጉልቶ ያሳያል። ሁለት ሰው ሁኑ። ብቻውን የሚሄድ ሰው የሚያየው ያሰበውን ብቻ ነው።

1. ወቅት ምረጡ

የመጀመሪያው ጉዞ በጥቅምት ወይም በኅዳር ይሁን። ክረምቱ አልፏል፣ አፈሩ ውሃ ጠግቧል፣ ሁሉም ነገር መለምለም አለበት። በዚህ ጊዜ ቡናማ የሆነ ጥድ ምንም ምክንያት የለውም፤ ታሟል። በመጋቢት ወይም በሚያዝያ ብትሄዱ ግን በጋው ያዳከመውንና የታመመውን መለየት ይከብዳል። ዋንዛና አንዳንድ ግራር ቅጠል ማርገፋቸውም ያሳስታችኋል።

ሌላም የሚያሳስት ነገር አለ። ጥድ ወንዴና ሴቴ አለው። ወንዴው የአበባ ዱቄት በሚይዝበት ጊዜ ጫፍ ጫፉ ቢጫ ወደ ቡናማ ይላል፤ ከሩቅ ሲታይ የደረቀ ይመስላል። ጠጋ ብላችሁ ጫፉን በጣታችሁ እሹት። ቢጫ ዱቄት ከወጣ ዛፉ ሰላም ነው፤ ደብተራችሁን ዝጉ።

2. መጀመሪያ ጠይቁ

የቤተ ክርስቲያን ደን ከሆነ ከአስተዳዳሪውና ከቄሰ ገበዙ ፈቃድ ሳትጠይቁ ቅጠል እንኳ አትንኩ። የማኅበረሰብ ደን ከሆነ ለቀበሌውና ለልማት ጣቢያ ሠራተኛዋ አሳውቁ።

ከዚያ እረኞችንና ሽማግሌዎችን ጠይቁ። «ደኑ ለምን ደረቀ?» ብላችሁ አትጀምሩ፤ «ጊዜው ከፋ» የሚል መልስ ነው የምታገኙት። ይልቅስ እንዲህ በሉ፦ «አባባ፣ መጀመሪያ የደረቀው የትኛው ነበር? የየት በኩሉ? ያኔ ምንጩ እስከ መቼ ይፈስ ነበር? ከብት መግባት የጀመረው መቼ ነው? እሳት ገብቶ ያውቃል?» እማማም ካሉ እሳቸውን አትዝለሏቸው። እንጨት ለቀማ ደን ውስጥ ሲመላለሱ የኖሩት እነሱ ናቸው። የትኛው ዛፍ በየትኛው ዓመት እንደደረቀ እንደ ልጆቻቸው ዕድሜ ይቆጥሩላችኋል።

3. ከሩቅ ሆናችሁ ቅርጹን ሳሉ

ከማዶ ካለው ተዳፋት ላይ ተቀመጡና ደኑን በእጃችሁ ሳሉት። ሥዕል አለመቻል ችግር የለውም። ተራራው፣ ሸለቆው፣ መንገዱ፣ የደረቀው ቦታ። ግማሹ ሥራ የሚያልቀው እዚህ ነው፤ ምክንያቱም የሞት ቅርጽ ገዳዩን ያሳብቃል።

ድርቀቱ በደኑ የታች ጠርዝ፣ አፈር በሳሳበት ሸንተረርና በደቡብና በምዕራብ በኩል ባሉ ተዳፋቶች ላይ ከበዛ ውሃ ማጣትን ጠርጥሩ። በበጋ ፀሐያችን ወደ ደቡብ ታዘነብላለች፤ የከሰዓቷ ደግሞ ምዕራቡን ትጠብሰዋለች። ክብ ሆኖ ከመሃል ወደ ዳር እየሰፋ የሚሄድ ከሆነ የሥር በሽታ ሊሆን ይችላል። በመንገድና በከብት መውረጃ ዳር ከተሰለፈ ሰውና ከብት ነው። እዚህም እዚያም ተበትኖ አንድ ዓይነት ዛፍ ብቻ ከመረጠ፣ ለምሳሌ ጥዱ ሞቶ ወይራው ከለመለመ፣ ነፍሳት ወይም የዚያ ዛፍ በሽታ ይሆናል። ከላይ መንገድ ተቆርጦ ወይም ቦይ ተቆፍሮ ከሆነ የውሃው አመጣጥ ተቀይሯል ማለት ነው።

ደስአን ያነሳሁት ለዚህ ነው። ከታች ጀምሮ ወደ ላይ የሚሸሽ ደን የሚነግራችሁ ስለ አንድ ትል አይደለም። ስለ ሙቀትና ስለ ውሃ ነው። በተጨማሪም ከታች የሚመጣ ሰውና ከብት አለ። ሁለቱ ሲደራረቡ ዛፉ መሄጃ ያጣል።

4. በገመድ ቁጠሩ

«ብዙ ደርቋል» ቁጥር አይደለም። ከታች ወደ ላይ አንድ መስመር ያዙ። በየ100 ሜትሩ ከፍታ ቁሙ። አንዱ ሰው መሃል ላይ የረጅሙን ገመድ ጫፍ ይያዝ፤ ሌላው ገመዱን ወጥሮ ይዙር። ተዳፋት ላይ ገመዱን እንደ መሬቱ አታስተኙት፤ አግድም ያዙት። የክቡ ስፋት 400 ካሬ ሜትር ገደማ ይሆናል። እዚያ ውስጥ የቆጠራችሁትን በ25 ስታባዙ በሄክታር ስንት እንደሆነ ታገኛላችሁ። 6 ደረቅ ጥድ ካለ፣ በሄክታር 150 ማለት ነው።

ደረት ላይ፣ ማለትም 1 ሜትር ከ30 ሳንቲም ከፍታ ላይ፣ ዙሪያው ከ30 ሳንቲም በላይ የሆነውን ዛፍ ሁሉ መዝግቡ። ዓይነቱን፣ ዙሪያውንና የአናቱን ሁኔታ። አናቱን እንዲህ መድቡት፦ ጤነኛ ከሆነ 0፣ እስከ ሩቡ ከደረቀ 1፣ እስከ ግማሹ 2፣ ከግማሽ በላይ 3፣ ሙሉ በሙሉ ከደረቀ 4። ጉቶ ካለ ለብቻው ጻፉት። ጉቶን የማይቆጥር ሰው መጥረቢያን ለድርቅ አሳልፎ ይሰጣል። ከዛፉ ቁመት የማያንስ ርቀት ሂዱና ከዚያ ሆናችሁ ተመልከቱ። ሁለታችሁም ሳትነጋገሩ ቁጥር ስጡ፤ ከተለያያችሁ እንደገና እዩ።

ለደረቀው ዛፍ አንድ ነገር ጨምሩ፤ መቼ እንደሞተ። ቡናማ ቅጠሉ ገና ከላዩ ካለ የቅርብ ነው። ቅጠሉ ረግፎ ቀጫጭን ጭራሮው ከቀረ ጥቂት ዓመት ሆኖታል። ቅርፊቱ ወልቆ ግንዱ ገርጥቶ እንደ አጥንት ከሆነ ቆይቷል። የጥድ እንጨት በቀላሉ አይበሰብስም፤ በቁሙ ለአሥርተ ዓመታት ይቆያል። ስለዚህ ያ የሚያስደነግጠው ግራጫ ቦታ ምናልባት የድሮ ድርቅ መቃብር ነው። አስቸኳይ የሚሆነው ቡናማ ቅጠል ያላቸው ሲበዙ ነው። ሁለቱን የማይለይ ዘገባ ወረዳ ላይ ደርሶ ሰው ሲያስሮጥ አይቻለሁ።

5. አንድ ዛፍ ያዙና ከአናቱ እስከ ሥሩ መርምሩ

በየክቡ ሁለት ሦስት ዛፍ ይበቃል። ሙሉ ለሙሉ የሞተውን አትምረጡ፤ ሬሳ ላይ የምታገኙት የቀብር እንግዶችን ነው። ምስጥና አብዛኛው እንጨት በል ጢንዚዛ የሚመጣው ከሞት በኋላ ነው። በመሞት ላይ ያለውን፣ ግማሹ አረንጓዴ የሆነውን ምረጡ።

ቅርንጫፍ ላይ ጀምሩ። ቀጭኑን ቅርንጫፍ በቢላዋ ጫፍ ትንሽ ፋቁት። ከሥሩ አረንጓዴና እርጥብ ከሆነ በሕይወት አለ፤ ቡናማና ደረቅ ከሆነ ሞቷል። ወደ ግንዱ እየተጠጋችሁ ደጋግማችሁ ፋቁ፤ ሕይወትና ሞት የሚገናኙበትን ድንበር ታገኙታላችሁ። ጥድ ሲፋቅ ያ የምታውቁት የእርሳስ ሽታ ይወጣል። እርሳስ ይሠራበት የነበረ እንጨት ስለሆነ አፍንጫችሁ አይዋሽም። ሽታው ተለውጦ የእርጥብ ምድር ቤት ዓይነት ከሆነ ቁሙና በደንብ እዩ።

ቅጠሉ ያጣብቃል? ከሥሩ ያለው ሣርና ድንጋይ ጥላሸት ለብሷል? ጉንዳን ይመላለሳል? እንግዲያው ክሽክሽ ፈልጉ። በቅርንጫፉ ሥር ተጠጋግተው የሚቀመጡ ቡናማ ነፍሳት ናቸው። የጥድ ክሽክሽ እ.ኤ.አ. በ1986 ማላዊ ውስጥ ታየ፤ በ1990 ኬንያ ገባ፤ ከዚያ ወደ እኛም መጣ። በጣም የሚወደው የፈረንጅ ጥድን ነው። በየግቢው አጥር የሆነው ማለቴ ነው። የሐበሻውንም ጥድ ግን አይምርም። ምልክቱ ከውስጥ ወደ ውጭ የሚሄድ ቡናማነት ነው። በነገራችን ላይ የጥድ የውስጥ አሮጌ ቅጠል በራሱ ጊዜ መድረቁ የተለመደ ነው። ነፍሳቱን ሳታዩ አትፍረዱ።

ተቀጽላ፣ ማለትም ቅርንጫፍ ላይ ተጣብቆ የሚያድግ ጥገኛ ተክል፣ ካለ ቁጠሩት። አንድ ሁለት ቢሆን ዛፉ ይችለዋል፤ አናቱን ከሸፈነው ግን በድርቅ ዓመት ውሃውን ይሻማዋል። እንደ ሽበት ከቅርንጫፍ የሚንጠለጠለውን ግን ተዉት። እሱ የዛፉን ደም አይመጥም። ቅጠሉ ሳስቶ ብርሃን ሲገባ ይበዛል እንጂ ገዳይ አይደለም። ብዙ ሰው ያንን ሊያወርድ ዛፍ ላይ ይወጣል፤ ትርፉ ከዛፍ መውደቅ ነው።

ግንዱን በዶማው ጀርባ አንኳኩ። እንደ ከበሮ ከጮኸ ውስጡ ተቦርቡሯል። የፈረስ ኮቴ የሚመስል ጠንካራ የእንጨት እንጉዳይ ግንዱ ላይ ከተለጠፈ ውስጡ በስብሷል ማለት ነው። ፒሮፎመስ ዴሚዶፊ የሚባለው ፈንገስ የጥድን ልብ እንዲህ ይበላል፤ መናገሻ ሱባ ውስጥም ተጠንቷል። እንዲህ ያለ ዛፍ አናቱ ለምልሞ ለብዙ ዘመን ሊቆም ይችላል። ነፋስ ሲመጣ ነው ጉዱ።

አሁን ተንበርከኩ። ግንዱ ከመሬት የሚገናኝበትን ዙሪያውን እዩ። ጥቁር ጠባሳ ካለ እሳት ነው፤ የጥድ ልጥ ሙጫ ስላለው እሳት በቀላሉ ይይዛል። ማር ቆራጭ የጣለው ችቦ አንድ ጎኑን ቢነካው እንኳ ዛፉ ከዓመታት በኋላ በዚያው ጎን ይደርቃል። ልጡ ዙሪያውን ተልጦ ከሆነ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም። ሥሩ ተራቁቶ በአየር ላይ ከተንጠለጠለ አፈሩ ተጠርጓል። ምንም ከሌለ በዶማ አፈሩን ገለጥ አድርጉና ከዋናው ሥር ላይ ጥፍር የምታህል ልጥ አንሱ። ከልጡ ሥር እንደ ነጭ ወረቀት የተነጠፈ ነገር ካለና እንጉዳይ እንጉዳይ ከሸተተ፣ አርሚላሪያ የሚባለው የሥር አበስባሽ ነው። ቢላዋውንና ዶማውን በአልኮል ሳታጸዱ ወደ ሌላ ዛፍ አትሂዱ።

ወይራ ላይ አንድ ጥንቃቄ። ጋን የሚታጠነው፣ የወተት ዕቃ የሚታጠነው በወይራ ነው። ቅርንጫፉ በየሳምንቱ ይመለመላል። ከሩቅ «ከጫፍ እየደረቀ ነው» ያልነው ወይራ ጠጋ ስንል የገጀራ ቁስል ሞልቶት ያገኘንበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። የተቆረጠ ጫፍና የደረቀ ጫፍ አይምታታባችሁ።

6. አሁን ታች እዩ፤ ችግኝ አለ?

ከዚህ ሁሉ አንዱን ብቻ ሥሩ ብባል ይህን እመርጣለሁ። አሮጌ ዛፍ መሞቱ ያለ ነው። የሚያስፈራው ተተኪ ሲታጣ ነው።

አጭሩን ገመድ አውጡ። በትልቁ ክብ ውስጥ አምስት ቦታ ላይ ትንንሽ ክብ ሥሩ፤ እያንዳንዱ 10 ካሬ ሜትር ገደማ ነው። በውስጡ ያለውን ወፍ ዘራሽ ሁሉ ቁጠሩ። ከጉልበት በታች የሆነውን ለብቻ፣ ከጉልበት በላይ የሆነውን ለብቻ። ቁጥሩ ታሪክ ይነግራችኋል። ትንንሹ ብዙ ሆኖ ከጉልበት በላይ አንድም ከሌለ እየበቀለ ነው፤ የሚበላው ወይም የሚረግጠው ግን አለ። ፍየል። ትንሹም ከሌለ ወይ ዘር የለም፣ ወይ አፈሩ ደርቋል፣ ወይ ጥላው ከብዷል። ጥድ ብርሃን ወዳድ ነው፤ በራሱ እናት ጥላ ሥር በደንብ አያድግም።

የወይራ ችግኝን ሜዳ ላይ አትፈልጉት። ወፍ ፍሬውን በልታ የምትጥለው ቁጥቋጦ ላይ አርፋ ነው፤ ችግኙም የሚያድገው እዚያው እሾህና ጥላ ውስጥ ተደብቆ ነው። ትግራይ ውስጥ የተሠራ ጥናት የወይራ ችግኝ ደደሆ በሚባለው ቁጥቋጦ ጥላ ሥር የተሻለ እንደሚተርፍ አሳይቷል። ስለዚህ «ደኑን እናጽዳ» ብሎ ቁጥቋጦ የሚመነጥር ሰው ሞግዚቷን እያባረረ ነው።

እግረ መንገዳችሁን አፈሩን ፈትሹ። ዶማው ሁለት ስንዝር ሳይገባ ድንጋይ ከነካ ዛፉ የቆመው በቀጭን ምንጣፍ ላይ ነው። ከብት የሚያርፍበት ቦታ ከሆነ ደግሞ ላዩ እንደ ሸክላ ጠንክሮ ዝናቡ ሳይገባ ይንሸራተታል።

7. ናሙና

ነፍሳት ወይም በሽታ ከጠረጠራችሁ ብቻ። ሕይወትና ሞት የሚገናኙበትን ድንበር የያዘ የጣት ውፍረት ያለው ቅርንጫፍ ቁረጡ። ወረቀት ከረጢት ውስጥ አድርጉት፤ ፌስታል ውስጥ ይሻግታል፤ ከዚያ የሚገኘው የፌስታሉ ሻጋታ ነው። ላዩ ላይ ቦታ፣ ከፍታ፣ ቀን፣ የዛፉ ዓይነት ይጻፍ። በተቻለ ፍጥነት አድርሱት። የቀድሞው የዕፅዋት ጥበቃ ምርምር፣ የአሁኑ የአምቦ ግብርና ምርምር ማዕከል አለ፤ ወንዶ ገነት የደንና ተፈጥሮ ሀብት ኮሌጅ አለ፤ የኢትዮጵያ ደን ልማትም ተመራማሪዎች አሉት። ቅርባችሁ ያለ ዩኒቨርሲቲ የግብርና ክፍልም ይጠቁማችኋል።

8. ምን ይደረግ?

መጀመሪያ የማይደረገውን ልንገራችሁ። የተፈጥሮ ደን ላይ መድኃኒት አይረጭም። ክሽክሹን እሱን ከሚበሉት ነፍሳት ጋር አብራችሁ ትገድሉታላችሁ፤ ንቡንም ትጨምራላችሁ። ግቢያችሁ ውስጥ ያለ የፈረንጅ ጥድ አጥር ከሆነ በ1 ሊትር ውሃ 2 የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና በጥብጣችሁ ወደ ማታ እርጩት። በሳምንቱ ድገሙት።

ደረቁን ሁሉ አትቁረጡ። መንገድ ላይ፣ አጥር ላይ፣ ቤተ ልሔም ጣሪያ ላይ ሊወድቅ የሚችለውን፣ በተለይ ሲያንኳኩት ከበሮ የሚመስለውን፣ ባለሙያ ያውርደው። ሌላው ይቁም። ወፍ ያርፍበታል፤ ወፍ ካረፈ ዘር ይወርዳል። ደግሞም ደረቀ ማለት ፈቃድ ተሰጠ ማለት አይደለም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94 ጥድን፣ ኮሶን፣ ዝግባንና ዋንዛን በስም ጠርቶ ከመንግሥትና ከክልል ደን እንዳይቆረጡ ከልክሎ ነበር። ከዚያ ወዲህም የ2010ሩ አዋጅ ቁጥር 1065 ወጥቷል። ወረዳውን በጽሑፍ ጠይቁ። ደረቅ ዛፍ መቁረጥ የተለመደበት ቦታ ላይ እርጥቡም በምስጢር ሲደርቅ አይታችኋል መቼም።

ከሥራዎች ሁሉ ርካሹና የሚያዋጣው ከብት ማስወጣት ነው። ደቡብ ጎንደር ላይ ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴና አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ማርጋሬት ሎውማን ከቀሳውስቱ ጋር ሆነው የቤተ ክርስቲያን ደኖችን በድንጋይ ካብ ያሳጠሩት ለዚህ ነው። ድንጋዩ ከእርሻው ይለቀማል፤ ገበሬው መሬቱ ይጸዳለታል፤ ደኑ ይታጠራል። ካብ ካልተቻለ በሕገ ደንብ ከልሉ፤ ሣሩን አጭዶ መውሰድ ግን ፍቀዱ። ሣር የተከለከለ ሰው አጥር ያፈርሳል፤ እኔም ብሆን አፈርስ ነበር።

ቀጥሎ ውሃ። ከደኑ በላይ ባለው ገላጣ ተዳፋት ላይ እርከንና የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ያለው የውሃ መያዣ ጥሩ ነው። ግን አንድ ጥፋቴን ልናዘዝ። ከዓመታት በፊት በአንድ የተፋሰስ ሥራ ላይ ውሃ ይያዝላቸው ብዬ በአሮጌ ወይራዎች መሃል ጥልቅ ቦይ አስቆፈርኩ። መስመሩ ቀጥ ያለ፣ ፎቶ ላይ የሚያምር ነበር። ቆፋሪዎቹ አንድ ሁለቴ «ሥር አገኘን» አሉኝ፤ «ቁረጡት» አልኳቸው። በሦስተኛው ዓመት ቦዩ ዳር ያሉት ወይራዎች በቦዩ በኩል ያለው ጎናቸው ብቻ ደርቆ አገኘኋቸው። ልክ በገመድ እንደተሰመረ። አንድ ሽማግሌ አጠገቤ ቆመው «ልጄ፣ ውሃ ልታጠጣው አንገቱን ቆረጥከው» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ሕጌ ይህ ነው፦ የዛፉ ቅርንጫፍ ጥላ ከሚደርስበት ውስጥ ቦይ የለም። እዚያ ውስጥ የሚፈቀደው የረገፈ ቅጠልን ማልበስና ድንጋይን በአግድም መደርደር ብቻ ነው።

ተቀጽላ ከበዛ፣ ተቀጽላው ፍሬ ከማፍራቱ በፊት፣ ከተጣበቀበት ቦታ ወደ ግንዱ 30 ሳንቲም ያህል ገባ ብላችሁ ቅርንጫፉን ቁረጡ። የሥር በሽታ ካለ ከዚያ ክብ አፈርና ጉቶ ወደ ሌላ ቦታ አታጓጉዙ፤ በዚያው ቦታም ያንኑ የዛፍ ዓይነት ቶሎ አትትከሉ።

9. መትከል ካስፈለገ

ወፍ ዘራሹ እየመጣ ከሆነ አትትከሉ። መከለሉ ይበቃል። ችግኝ መትከል እንወዳለን፤ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ አረንጓዴ አሻራ ሲባል ሁላችንም ጉድጓድ ቆፍረናል። ሐምሌ ላይ የተከለ ሰው ግን ጥር ላይ ተመልሶ ሲያይ ብዙም አላጋጠመኝም።

ከተከላችሁ ዘሩ ከዚያው ተራራ ይሁን፤ ከጤነኛ፣ ቢቻል ከታችኛው ጠርዝ ድርቁን ችሎ ከቆመው እናት ዛፍ። የጥድ ዘር ብዙው ባዶ ነው። ሥጋውን አሽታችሁ ካጠባችሁ በኋላ ውሃ ውስጥ ጨምሩት፤ የሚንሳፈፈውን ጣሉ። የወይራው ፍሬ ቅርፊት ድንጋይ ስለሆነ ጫፉን በመቆንጠጫ በጥንቃቄ ሰበር ብታደርጉለት ቶሎ ይበቅላል። ችግኙን ከቁጥቋጦው ጥላ ሥር ትከሉት፤ ክረምቱ ሲደላደል እንጂ በመጀመሪያው ካፊያ አይሁን።

በታችኛው ጠርዝ ጥድ በጅምላ ካለቀ ግን እዚያው ጥድ መልሳችሁ ለመትከል አትድከሙ። ቦታው ከእጁ ወጥቷል። እዚያ ወይራ፣ ግራር፣ ክትክታና ደደሆ ይሻላሉ። ጥዱን ከፍ አድርጉት። ባህር ዛፍ ያሰባችሁ ካላችሁ ደግሞ ምንጩን አስቡ።

10. ተመልሳችሁ ሂዱ

ከቆጠራችኋቸው ውስጥ 20 ዛፎችን ምረጡ፤ ጤነኛም የታመመም ይኑርበት። በነጭ ቀለም ቁጥር ጻፉባቸው። ሚስማር አትምቱ፤ ለበሽታ በር ትከፍታላችሁ። በየዓመቱ በዚያው ወር፣ በዚያው ቦታ ቆማችሁ ፎቶ አንሡ፣ ከ0 እስከ 4 ቁጥር ስጡ፣ ትንንሾቹን ክቦች ቁጠሩ። ፎቶ ያነሣችሁበትን ቦታ በድንጋይ ምልክት አድርጉ፤ በዓመቱ «እዚህ ነበር፣ የለም እዚያ ነበር» እየተባባላችሁ እንዳትጨቃጨቁ።

አንድ ዓመት ምንም አይነግራችሁም። በሦስተኛው ላይ የአናቱንና የችግኙን ቁጥሮች አስተያዩ። ከ2 ወደ 3 የተሻገሩት ስንት ናቸው? ከጉልበት በላይ ያለፉት ችግኞችስ? አናቱ እየባሰበትም ችግኙ ከጉልበት ካለፈ ሥራችሁ ይዟል። ዛፎቹ ባሉበት ቆመው ችግኙ ዜሮ ከሆነ ደግሞ አጥሩን ዞር ብላችሁ ፈትሹ፤ የሆነ ቦታ ፍየል የምታሾልክ ቀዳዳ አለች። ቀለሙን በየጥቅምቱ አድሱት፤ ሁለት ክረምት አይችልም።